ስንት ሸክም ነው?

«እንጨት ጠፍቶብኝ እየፈለግኩ ነው» ብዬ ለአንድ ወዳጄ ባወራው፣ ማኪያቶውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝና «ስንት ሸክም ነው?» አለኝ።

አልፈረድኩበትም። እኛ አገር እንጨት ሲባል ፊታችን ላይ ድቅን የሚለው ምድጃ ነው። እንጨት ይለቀማል፣ ይፈለጣል፣ ይነዳል፤ አለቀ። እኔ የጠፋብኝ ግን አንድ ሸክም አይሞላም። መዳፍ መዳፍ የሚያክሉ ሃምሳ ስምንት ቁራጮች ናቸው፤ ከነሣጥናቸው። ካየኋቸው አርባ ዓመት ሆኖኛል። ይህን ስጨምርለት ወዳጄ ማኪያቶውን አስቀመጠና «ለመሆኑ ደህና ነህ?» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1972 ዓ.ም. ዳንግላ ውስጥ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ያን ጊዜ ዳንግላ በጎጃም ክፍለ ሀገር የአገው ምድር አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። የሳይንስ መምህራችን ከሸዋ ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡኒ ሹራብ የማይለየው ሰው ነው። ላቦራቶሪ የሚባል ነገር አልነበረንም። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጠመኔውን አስቀመጠና፣

«ሰኞ ስትመጡ እያንዳንዳችሁ መዳፋችሁን የሚያክል እንጨት ይዛችሁ ኑ» አለ። «ባንድ ወገን ቅርፊቱ ይኑር፤ በሌላው ወገን በመላጊያ ይላግ፤ ጫፉ በመጋዝ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ። ስሙንም ጠይቃችሁ ኑ። እናታችሁ ቤት ውስጥ የምትጠራበትን ስም ነው የምፈልገው። እኔን ደስ ይበለው ብላችሁ ወደ አማርኛ እንዳትመልሱት።»

ክፍሉ ፀጥ አለ። በትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ አገውኛ ማውራት የገጠር ልጅነትን ማጋለጥ ነበራ! እንዲያውም አንዳንዶቻችን እናቶቻችን ገበያ ውለው ሲመለሱ መንገድ ላይ በአገውኛ እንዳይጠሩን ዘወር የምንል ጉዶች ነበርን። ሰኞ ግን እንጨቱም ስሙም መጣ። መምህሩ በብዕርና በቀለም እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የአገውኛውን ስም፣ ካለው የአማርኛውን፣ የተቆረጠበትን ቦታና ያመጣውን ልጅ ስም ጻፈ። አንዲት ድምፅ ግን አስቸገረችው። እንግሊዞች «ሲንግ» ሲሉ መጨረሻ ላይ የምትሰማዋን ዓይነት፣ በአፍንጫ በኩል የምትወጣ ድምፅ አለችን። መምህሩ ደጋግሞ ሞከራት፤ ደጋግሞ አቃተው፤ እኛም በሳቅ ፈረስን። በኛ ምላስ ሲሳቅ ኖሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እኛ በሌላ ሰው ምላስ ሳቅን። መጨረሻ ላይ ገ ፊደል ላይ ትንሽ ቆብ ደፋባትና «ይቺ ናት፤ ቆቧን እንዳትረሱ» አለ። (ዛሬ አገውኛ በአዊ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል፤ ለዚያች ድምፅም የራሷ ፊደል ተመድቦላታል። ይህን የሚያትመው ጋዜጣ ግን ፊደሏ ያለው አይመስለኝም። ነገሩን ኋላ እመለስበታለሁ።)

ሣጥኑን የሠራው አጎቴ ነው፤ አናጢ ነበር። ከዋንዛ አውጥቶ፣ ማዕዘኖቹን ያለ አንዲት ሚስማር አሰካክቶ፣ ውስጡን ስድስት ቦታ ከፍሎ በነፃ ሰጠ። እኔ ደግሞ ድርሻዬ ኮሶ ሆነ። ብፈልግ ብፈልግ በቅርባችን የኮሶ ዛፍ አጣሁ። አጎቴ ሲጨንቀኝ ጊዜ ከተሰበረ አሮጌ አልጋ እግር ላይ ቆርጦ ሰጠኝ። ቅርፊት የለውማ! መምህሩ ግን አልተቆጣም፤ ስሙ ሥር «ከአልጋ እግር የተወሰደ» ብሎ በጥንቃቄ ጻፈበት።

ከሁለት ዓመት በኋላ መምህሩ ተዛወረ። እኔም አዲስ አበባ ገባሁ፤ ሣጥኑንም ረሳሁት።

ያስታወሰኝ አንድ ጀርመናዊ ነው። ካርል ሺልድባኽ ይባላል፤ ካሰል በምትባል ከተማ የመስፍኑን የአራዊት ግቢ የሚያስተዳድር ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1771 እስከ 1799 ድረስ ቁጭ ብሎ የእንጨት ቤተ መጻሕፍት ሠራ። ስለ እንጨት የተጻፈ ማለቴ አይደለም፤ መጻሕፍቱ ራሳቸው እንጨት ናቸው። ለእያንዳንዱ ዛፍ አንድ መጽሐፍ። ሽፋኑ ከዛፉ እንጨት፣ ጀርባው ከዛፉ ቅርፊት፤ ስትከፍተው ውስጡ ቅጠሉ፣ አበባው፣ ፍሬው ተደርድሮ ታገኛለህ። 530 ቅጽ፣ 441 ዓይነት ዛፍ። ዛሬም እዚያው ካሰል የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ አለ። ስለዚህ ሰው ያነበብኩ ማታ መጽሐፉን ዘግቼ ለባለቤቴ «ያ የኛ ሣጥን የት ደረሰ?» አልኳት። እሷ ደግሞ «የቱ ሣጥን?»

ሺልድባኽ ሥራውን በጀመረበት በ1771፣ ሌላ የውጭ ሰው ጎንደር ውስጥ እየሞተ ነበር። ሉዊጂ ባሉጋኒ ይባላል፤ የቦሎኛ ልጅ፣ ሠዓሊ። ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ልይ ብሎ ሲመጣ ቀጥሮት አብሮ የመጣ ነው። በኖቬምበር 1770 ሁለቱም ወደ አገዎቹ አገር ዘልቀው ግሽ ዓባይ ደረሱ። ብሩስ አገሩ ገብቶ በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፉን ሲያሳትም ግን ባሉጋኒ ግሽ ድረስ አብሮት እንደነበር ዋጠው። አምስተኛው ቅጽ የዕፅዋትና የእንስሳት ነው፤ ኮሶ አለ፣ እንሰት አለ፣ ቁልቋል አለ፣ ዋጊኖስ አለ። ሥዕሎቹን የራሱ አስመስሎ አቀረባቸው። ሥዕሎቹ ከብሩስ ቤተሰብ ወጥተው ዛሬ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ። በ1991 ሦስት ምሁራን በባሉጋኒ ስም መጽሐፍ አድርገው አሳተሙለት። ለሞተ በ220 ዓመቱ ስሙ ተመለሰለት ማለት ነው።

የኮሶውማ ነገር ጉድ ነው። ብሩስ ዛፉን በእንግሊዛዊው ጆሴፍ ባንክስ ስም «ባንክሲያ» ብሎ ሰየመው። ስሙ አልጸናም። ወዲያው በ1791 ግሜሊን የሚባል ጀርመናዊ በካርል ጎትፍሪድ ሃገን ስም «ሃጌኒያ» አለው፤ ይኸው እስከ ዛሬ የዓለም ሳይንስ የሚጠራው በዚህ ነው። ሃገን የኮኒግስበርግ መድኃኒት ቀማሚ ነው። ባንክስም ሃገንም ኢትዮጵያን ረግጠው አያውቁም፤ ኮሶ መጠጣቱንማ ተዉት። እኛስ? የአዊ ዞን ዋና ከተማ እንጅባራ የቀድሞ ስሟ ኮሶበር ነው። ዛፉም ከደጃችን ሳሳ፣ ስሙም ከከተማዋ ወረደ። አዲስ አበባ እንኳ ሾላ ገበያና ወይራ ሰፈር የሚሉ ስሞቿን አልጣለችም።

ፍለጋውን የጀመርኩት በስልክ ነው። አንድ የክፍል ጓደኛዬ «አዎ፣ የቆንስሉ ሣጥን!» አለኝ። የምን ቆንስል? ለካ በከተማው ሣጥኑ የእንግሊዝ ቆንስል ጥሎት የሄደ ቅርስ ነው ይባል ኖሯል! አንድ ሰሞን ልቤ ዘለለ። ሜጀር ሮበርት ቺዝማን በእርግጥ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ተቀምጦ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ነበር። ጣናን የዞረ፣ የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ ካርታ ያነሣ፣ በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ወፍራም መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። ሰብሳቢም ነበር። ግን የሰበሰበው ወፍ ነው፤ የለንደን ሙዚየም ወሰደው። በስሙ የምትጠራ አይጥ ቢጤም አለች፤ እሷም የኢራቅ በረሃ ናት። በአጎቴ እጅ የተሠራን የዋንዛ ሣጥን ለእንግሊዝ መንግሥት መስጠታቸው ግን አናደደኝ። እኛ ያደረግነውን ደህና ነገር ሁሉ ፈረንጅ ነው የሠራው ካላልን አይዋጥልንም ልበል?

በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ራሴ ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ ያለ መስኮት መስታወት የቀረ አንድ መጋዘን ከፈተልኝ። የተሰበረ ዴስክ፣ የተሰበረ ዴስክ፣ የተሰበረ ዴስክ፣ አንድ የዓለም ካርታ። አንድ ጡረታ የወጣ ንብረት ክፍል «የአውራጃው ንብረት ወደ ዞን ሲዛወር ሣጥን ቢጤም ተጭኖ ነበር፤ እንጅባራ ጠይቅ» አለኝ። ሚኒባስ ያዝኩ።

ከዳንግላ በአዲስ ቅዳም አድርጎ እንጅባራ የሚወስደውን መንገድ ያየ ያውቀዋል። ግራና ቀኙ ደከረንስ ነው። ይህ የአውስትራሊያ ግራር ከ1980ዎቹ ወዲህ የፋግታ ለኮማን ገበሬ ኑሮ ቀይሮታል። ዘርቶ፣ አራት አምስት ዓመት ጠብቆ፣ ቆርጦ አክስሎ ይሸጣል፤ መሬቱን ደግሞ ጤፍ ይዘራበታል። አዲስ አበባ የምንጠጣው ቡና ምን ያህሉ በዚህ ከሰል እንደተፈላ እንጃ። ቆርቆሮ ቤቱ፣ የልጆቹ ዩኒፎርም፣ ሁሉም የዚህ ዛፍ ነው፤ የማጣጥልበት አፍ የለኝም። ግን ሚኒባሱ መስኮት ላይ ተደግፌ ዛፍ መቁጠር ጀመርኩና አንድ ላይ ቀረሁ። ሃምሳ ስምንት የነበረው አንድ። ከዚያው ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ ዋግ የመሰለ የፈንገስ በሽታ ገባበትና ሄክታር ሙሉ ማሳ ባንዴ ይመታ ጀመር። አንድ ዓይነት ሲታመም ጎረቤቱም ያው እሱ ነዋ።

እንጅባራ ላይ ሣጥኑን አገኘሁት! ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ የጥበቃው ክፍል ውስጥ። ላዩ ላይ ስኳር፣ ሁለት የሻይ ብርጭቆና ሬዲዮ ተቀምጠውበታል። ያለ ሚስማር የተሰካኩትን የአጎቴን ማዕዘኖች በጣቴ ዳሰስኩ። ስከፍተው አንድ ጥንድ ቦት ጫማ አለ።

«ውስጡ እንጨት ነበር እንዴ?» አልኳቸው ጥበቃውን።

«ነበር እንጂ ጋሼ፤ ቁርጥራጭ። እንደው ሕፃን የቸከቸከበት ነገር አለው። አንድ ክረምት ብርዱ ጠንቶብን... የእንጅባራን ብርድ እርስዎም ያውቁታል...»

አውቀዋለሁ። ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ሐምሌ ላይ አጥንት ይገባል።

«ደህና አድርጎ ነደደ። ጭስ የሚባል የለው! አንዷማ ቤቱን አጠነችው፤ ወይራ ሳትሆን አትቀር» አሉኝና ሻይ ቀዱልኝ።

ምን ይባላል? ሻዩን ጠጣሁ። ልቆጣ ብሞክር በማን ላይ? ሰውየው በቁራጮቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዲያነቡ የነገራቸው የለ፤ መዝገብ የለ፤ ቁልፍ የለ። በርሊንም ነዷል። ዊልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 መጥቶ በ1878 ዐድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ የሰሜን ኢትዮጵያን ዕፅዋት ሲለቅም የኖረ ሰው ነው። በርሊን የነበረው ስብስቡ በማርች 1943 በአውሮፕላን ድብደባ ከሚሊዮን ሌሎች ጋር አመድ ሆነ። ልዩነቱ፣ ሺምፐር ከእያንዳንዱ ተክል ብዙ ብዙ ቅጂ እያደረቀ ለአውሮፓ ሙዚየሞች ሁሉ ይልክ ነበር። በርሊን ቢቃጠል ፓሪስ አለ፣ ለንደን አለ። የኛ መምህር ግን አንድ ሣጥን ብቻ ነበረው። ሁለተኛ ቁራጭ አምጡ ቢለን ምን ነበረበት? እስከ ዛሬ የምወቅሰው በዚህ ብቻ ነው።

ልወጣ ስል ዓይኔ የፋይል ቁም ሣጥኑ እግር ላይ አረፈ። ወለሉ ዘመም ያለ ነው፤ እንዳይወዛወዝ ሦስት ጠፍጣፋ እንጨቶች ተሸጉጠውበታል። ባንድ ወገን ቅርፊት፣ ባንድ ወገን የተላገ። ጥበቃው ጉድ እያሉ ቁም ሣጥኑን አነሡልኝ፤ በምትኩ ካርቶን አጥፈን ሸጎጥን።

ሦስቱን ቁራጮች ይዤ አዲስ አበባ አንድ የእንጨት ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። የእንጨት ሳይንስ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ጫፉን በምላጭ በስሱ ከላጠ በኋላ፣ ዐሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ያያል። ቀዳዳዎቹ እንዴት ተደርድረዋል? ብቻ ብቻቸውን ናቸው ወይስ ተያይዘዋል? ከመሃል ወደ ቅርፊት የሚሄዱት ጨረሮች ቀጭን ናቸው ወይስ ሰፊ? መምህራችን «ጫፉ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ» ያለው ለካ ለዚህ ኖሯል። የመጀመሪያውን በእጁ ሲመዝነው ብቻ «ወይራ» አለ። ሁለተኛውን ትንሽ አይቶ «ብሳና»። ሦስተኛው ቀላ ያለ ነው። የኔ ኮሶ በሆነ ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። የሞኝ ነገር! ቅርፊት እንዳለው በዓይኔ እያየሁ።

«ኮሶ አይደለም። ጥቁር እንጨት ይመስላል፤ ግን ያለ ቅጠልና ያለ አበባ አልምልልህም።» ጥቁር እንጨት ቅርፊቱ ለወንዶች የፕሮስቴት ሕመም ስለሚፈለግ፣ ዓለም አቀፍ ንግዱ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ቁጥጥር ያለበት ዛፍ እንደሆነም አጫወተኝ። ይህን እያወራ መብራቱን ወደ ጎን ዘንበል አደረገው። ቀለሙ ጠፍቷል፤ የብዕሩ ጭረት ግን የተላገው ገጽ ላይ ቀርቷል። የዛፉ ስም የነበረበት ቦታ ተፍቋል፤ ቁም ሣጥኑ ያረፈበት ነው። ከሥሩ የልጅ ስም ይነበባል፤ ከነአባቱ።

ስሙን አልጽፈውም። ከኔ ሁለት ወንበር ፊት ይቀመጥ ነበር፤ ሒሳብ የሚያስኮርጀን እሱ ነው። በ1978 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ዘመተ። መርዶው የመጣው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

ኮሮና መሀል ገባና ዓመት አለፈ። በጥር 2013 ዓ.ም. ለሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ለአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ወረድኩ። ፈረሱን አየሁ፤ ደስ ይላል፤ ስለ ኮርቻ እንጨትም ብዙ የማወራው ነበረኝ፤ ሌላ ቀን። በማግሥቱ ከዳንግላ ወጣ ብሎ ካለ መንደር የጓደኛዬ እናት ቤት ሄድኩ። ሰማንያን አልፈዋል። ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ድምፄን ሲሰሙ የማን ልጅ እንደሆንኩ ለዩኝ።

«እማማ፣ የልጅዎን ዕቃ አግኝቼ ነው» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ነው የደነገጥኩት። እንዲህ ይባላል?

እንጨቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ፊደል አያውቁም፤ ስሙን አነበብኩላቸው። አገላበጡት። ቅርፊቱን በአውራ ጣታቸው ጫር ጫር አድርገው አሸተቱት። ከዚያ ስሙን ጠሩት፤ የዛፉን። በአገውኛ፣ ያቺ በአፍንጫ የምትወጣ ድምፅ መሀሉ ላይ ያለችበት ስም።

«ጥቁር እንጨት ነው አይደል?» አልኳቸው በአማርኛ።

«እናንተ እንደዚያ ትሉት ይሆናል» አሉኝ። «ከበረቱ ጀርባ ነበረች። አባቱ ለምሰሶ ብሎ ሲቆርጣት ይሄን ቁራጭ ወስዶ ሲፍቅ አመሸ። ከብቱን ሳያስገባ! መጫወቻ መስሎኝ ተቆጣሁት። ለትምህርት ቤት ነው አለኝ። ዋሸኝ ብዬ መታሁት።» ዝም አሉ። «ለትምህርት ቤት ነበር?»

«ለትምህርት ቤት ነበር፣ እማማ። ስሟንም ከእርስዎ ጠይቆ ነው ያመጣው።»

ከበረቱ ጀርባ ወስደው ቦታውን በምርኩዛቸው አሳዩኝ። ደከረንስ ነው፤ ቅጠሉ ቡናማ ሆኗል።

እኔ ዕቅድ ነበረኝ። አዲስ ሣጥን አሠርቼ፣ ሦስቱን ቁራጭ መነሻ አድርጌ፣ ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ወይ ለሌላ የሚይዝልኝ ቦታ ልሰጥ ነበር። ልሰናበት ስነሣ እማማ እንጨቱን አልመለሱልኝም። በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል።

«ይሄን ትተህልኝ ትሄዳለህ?» አሉኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ማስታወሻዬን አውጥቼ እንዲህ ጻፍኩ፤ «ቁጥር 3። የአማርኛ ስም፦ ጥቁር እንጨት። የአገውኛ ስም፦ (በእጅ ተጽፏል፤ ቆቧ አልተረሳም)። የተገኘበት፦ ከበረት ጀርባ። ያመጣው፦ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ 1972 ዓ.ም.። አሁን ያለበት፦ እናቱ ዘንድ።»